የባጋስኮሮ በር

ማሽኑ ዋራስን «አልተፈቀደልህም» ብሎ የመለሰው ዕለት ጠዋት እናቱ እማማ ካርሲናህ አጨበጨቡ። እኔ በመስኮት ነው ያየሁት። የሰው ቤት አጮልቄ የማይ ሴት ሆኜ አይደለም፤ የኔ የልብስ ገመድና የእነሱ የኋላ ክፍል መስኮት ፊት ለፊት ስለሆኑ ነው፤ እርጥብ ልብስ ደግሞ ተጣድፈው ካሰጡት ይጨማደዳል። ክፍሉ ድሮ የቀለም በርሜል የሚቀመጥበት ነበር። አሁን ዋናው ማሽን፣ ኮምፒውተሩ፣ የሚኖረው እዚያ ነው፤ ግድግዳው ግን እስከ ወገቡ ድረስ ቡናማና ሰማያዊ እንደሆነ ቀርቷል። ጥግ ላይ ትልቁ ማሽን፣ ከላዩ እየተንቋቋ የሚዞር ማራገቢያ፣ ከፊቱ ሁለት ስክሪን። በአንደኛው ስክሪን ፊት ልጁ ተቀምጧል፤ ሽርጡ ወገቡ ላይ ሁለቴ ተጠምጥሞ፣ የአንገቱ አጥንት ከካናቴራው በላይ ወጥቶ። ከሆስፒታል ከተመለሰ ወዲህ እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው። ስሙን ጻፈ። የይለፍ ቃሉን ሲጽፍ ሚስቱ ዌኒንግ ላለማየት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ እኔም ቶሎ ብዬ ከአንሶላው ኋላ ገባሁ። ከዚያ ንድፎቹ ያሉበትን ፎልደር ነካ። አልተፈቀደልህም። ደግሞ ነካ። አልተፈቀደልህም። እጁ ከጠረጴዛው ላይ ቀስ ብሎ ወርዶ ጭኑ ላይ ተኛ፤ የሌላ ሰው እጅ ነበር የሚመስለው።

«አላልኳችሁም!» አሉ እማማ ካርሲናህ። «ማሽኑ እንኳ አላወቀውም! በሽታው ከየት ያውቀዋል?»

ልጁ ተወልዶ ባጋስኮሮ ሲባል እኔ ገና ያላገባሁ ኮረዳ ነበርኩ፤ ያኔም ሰፈሩ «ኧረ ይሄ ስም ለዚህ ቀጫጫ አይበዛም ወይ» ሲል ሰምቻለሁ። ባጋስኮሮ ፀሐይ ማለት ነው። ፀሐይን ተሸክሞ እስከ ሠላሳ አራት ዓመቱ ደረሰ፤ አገባ፣ ለወንድሙ የባቲክ ሥራ፣ በሰም ተስሎ ቀለም ለሚነከረው ጨርቅ፣ ንድፍ አውጪ ሆነ፣ የሱ ንድፍ ያለበትን ጨርቅ ነጋዴዎች ሳይከራከሩ ይወስዱት ነበር። ዘንድሮ ግን ትኩሳቱ ያዘው፣ ለቀቀው፣ ያዘው። ሐኪሞቹ ታይፎይድ ነው አሉ፤ እማማ ካርሲናህም መድኃኒቱን በሰዓቱ ያስውጡት ነበር፤ በሐኪም የሚያላግጡ ሴት አይደሉም። ሦስተኛ ጊዜ ሆስፒታል ሲገባ ግን «መድኃኒቱ ትክክል ነው፤ ከባዱ ስሙ ነው» አሉ። ከሆስፒታል በወጣ በሳምንቱ ስም ሲለወጥ የሚሠራው ቀይና ነጭ ገንፎ ተሠርቶ በየቤቱ ታደለ፤ ከዛሬ ጀምሮ ዋራስ ነው ተባለ፤ ጤነኛው። ገንፎውን የበላ ሁሉ በአዲሱ ስም ተስማምቷል ማለት ነው። እኔ ሁለት ሳህን ስለበላሁ ከሌላው ሰው እጥፍ ተስማምቻለሁ። የድሮውን ስም የሚጠራው ጠፋ፤ ሸሚዞቹ ገጠር ላለ ዘመድ ተላኩ፣ ነጠላ ጫማው ሳይቀር። ሰውየው አዲስ ሽርጥና አዲስ ቴርሞስ ይዞ እንደ አዲስ መኖር ጀመረ።

የቀረው ማሽኑ ነበር። ማሽኑን የምትጠብቀው ዌኒንግ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የሠርግ ንድፍ ከቤቱ ወጥቶ ገበያ ላይ ከሌላ ሰው ጨርቅ ላይ ስለተገኘ፣ ማን ምን ማየት እንደሚችል፣ ማን ምን መንካት እንደሚችል እሷ ለየብቻ ከፋፈለችው። ንድፍ አውጪው የራሱ ፎልደር አለው፤ ሥራው ሲያልቅ ሁሉም ወደሚያየው ፎልደር ያወጣዋል፣ ሌላው ያያል እንጂ አይቀይረውም። ሽያጭ ላይ ያለችው ልጅ ዋጋውን ታያለች፣ ንድፉን አታይም። ማንም በማንም ስም አይገባም፤ ከወንበሩ የሚነሳ ሰው ዘግቶ ይነሳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ «ሥር» የሚባል አንድ ስም አለ፤ በሱ የገባ የማንንም በር ይከፍታል። ያ ቁልፍ ዌኒንግ ጋ ብቻ ነው። ሰው ቤቱን ሁሉ የሚከፍት ቁልፍ ሲይዝ ወይ ይኩራራል ወይ ይሰርቃል። እሷ ግን ይባስ ብሎ ዓይን አፋር ሆነች፤ ስክሪን ባየች ቁጥር አንገቷን ማዞር ለመደባትና አንዳንዴ እኔ ጋ መጥታ የብስኩት ዋጋ ስቆጥር ሁሉ ፊቷን ታዞራለች።

የገንፎው ዕለት ዌኒንግ ያሰበችው የባሏን ስም ብቻ ለመቀየር ነበር። አማቷ ግን ነገር ሳይጠይቁ አያልፉም። «ማሽኑ ድሮ ማን እንደነበረ ይረሳል?» አሏት። እሷም ስለ ማሽኑ መዋሸት አትችልበትም። «ማሽኑ ሰውን የሚያውቀው በቁጥር ነው፣ እማማ። ስሙ ለኛ ለሰዎቹ ነው። ስሙን ብቀይረው ቁጥሩ ያው ነው» አለች። እማማ ካርሲናህ አሰቡ፣ አሰቡና «ይሄማ ሸሚዝ መቀየር ነው። አዲስ ሰው አድርጊልኝ፣ ከነቁጥሩ» አሏት። አደረገችላቸው። አዲስ ሰው ደግሞ አዲስ ነው፣ የድሮው ሰው ዕቃ አይከፈትለትም። በኋላ አስተላልፍለታለሁ ብላ ነበር፤ እሳቸው ያንንም ከለከሉ። ከዚያኛው ወደዚህኛው በቀጥታ የሚያልፍ ነገር ካለ በሽታው ያንኑ ክር ይዞ ይመጣል ብለው። እንግዲህ ያን ጠዋት ያጨበጨቡት ለዚህ ነው፤ ክሩ መበጠሱን በዓይናቸው አዩ።

ጭብጨባው ሳያልቅ ታላቅ ወንድሙ ፕራኖቶ ስልኩን እንደያዘ ገባ። የሥራው ባለቤት እሱ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ችኩል ነው፤ ሲናገር ቁልፉን በጣቱ ያዞራል።

«ተከፈተ?»

ዋራስ ተነስቶ ግድግዳውን እየተደገፈ ወደ መኝታው ሄደ። እናቱ ደስታቸውን ይዘው ከኋላው ተከተሉት።

«ዌኒንግ፣ ያንቺ ቁልፍ ሁሉን ይከፍታል፣ አይደል?»

«ይከፍታል፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? የሠርጉ ንድፍ ያለው እዚያ ነው፤ ደንበኞቹ ጨርቁን በሚቀጥለው ሳምንት ሊወስዱ ነው የሚመጡት። ሰም የሚቀቡት ሴቶች ከጠዋት ጀምሮ ወሬ እየቀቡ ነው! ሰም በኪሎ ስንት እንደገባ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ግን ፎልደሩ የእሱ ነው። ባለቤቱ ሳይፈቅድ አልከፍትም፤ ይሄን ሕግ ያወጡት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ያወጣሁት ለሌባ ነው እንጂ ለራሴ ነው እንዴ?»

«ለሌባ ብቻ የሚሠራ ሕግ እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም» አለች፤ ድምፅዋን ሳታነሳ። ፕራኖቶ ቁልፉን ማዞሩን ተወ። ቢቆጣ ይሻለው ነበር፤ ግን ያቺን ልጅ መቆጣት እንደማይሆንለት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። «እስከ ማታ» ብሏት ወጣ።

እኔ የሩዝ ብስኩት ጠብሼ ነው የምኖረው። አንዱ ከረጢት ሁለት ሺህ ሩፒያ ነው፤ ዘይት ሲወደድ ዋጋውን አልጨመርኩም፣ ከረጢቱን ትንሽ አሳነስኩት፤ ማንም ልብ አላለም። ዌኒንግ ብቻ አንድ ቀን ከረጢቱን በእጇ መዝና አየችኝ፣ ከዚያ ፊቷን አዞረች። ያን ቀን ረፋዱ ላይ መጥታ ድስቱ አጠገብ ካለችው ዝቅተኛ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። ብስኩቱ ዘይት ውስጥ ሲነፋ ሁለታችንም ማየት ጀመርን። ከዚያ «ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ» አለችኝ። ትኩሳት የለውም፣ ሐኪሙም ይሥራ ብሏል። ሌሊቱን ሙሉ ነገ እቀመጣለሁ ሲል ነው ያደረው። አሁን ግን ሩዝ ስታመጣለት «ያኛው ሰውዬ ይሥራው፤ እኔ ምን ሥራ አለኝ» ብሎ መለሰላት። ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም፣ የተሰበሩትን ብስኩቶች እየለቀመች ለብቻ አደረገቻቸው እንጂ። ከሆስፒታል ያወጡት ሰው እቤቱ ሊያልቅ ነው፣ በሽታ ሳይኖረው።

«አንድ መስመር ጽፈሽ ማስተላለፍ ትችያለሽ አይደል? እማማ ካርሲናህ ስክሪን ማንበብ አይችሉ!» አልኳት።

«ይጠይቁኛል። ሲጠይቁኝ ደግሞ...» ብላ ተወችው። «እትዬ ታርሚ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ዕቃውን እኔ ጋ አስቀምጦ የሚተኛው አልዋሽም ብሎ ነው። አንዴ ከዋሸሁ ለሳቸውም ለማሽኑም ያው ነኝ።»

ይህን ስታወራ በሩ ጠቆረ፤ ቀና ስል እማማ ካርሲናህ ቆመዋል። የጠዋቱ ጭብጨባ ከፊታቸው ላይ ጠፍቷል። እሳቸውም አይተውታል ማለት ነው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረውን ልጅ። ምራታቸውን አዩዋት፣ እሷም አየቻቸው፣ ሁለቱም የእኔን ድስት ማየት ጀመሩ። አማትና ምራት ሲጣሉ ጎረቤት ይሰማል፤ ሲጨነቁ ግን እንዲህ ነው፣ ዘይቱ ብቻ ነው የሚጮኸው።

«ታርሚ» አሉ በመጨረሻ፣ «አንድ ከረጢት ስጪኝ።» ሰጠኋቸው። አልሄዱም። «ታርሚ፣ የሳስትሮን ልጅ ታስታውሺያለሽ? የታመመችውን?»

አስታወስኩ። በኛ ሰፈር የሚያመው ሕፃን ሲኖር ቆሻሻ የሚጣልበት ጋ ከመጥረጊያና ከአፈር መዛቂያ ጋር ያስቀምጡታል፣ እንደተጣለ። ጎረቤት በዚያ ሲያልፍ «ኧረ የማን ልጅ ነው?» ብሎ ያነሳዋል፤ የራሱ ያደርገዋል። ከዚያ እናትየዋ ሄዳ ተከራክራ ትገዛዋለች። የሳስትሮን ልጅ ያነሳኋት እኔ ነበርኩ፤ ዛሬ ሁለት ልጆች ወልዳለች፣ ሰላምታ ስትሰጠኝ ግን አሁንም እንደ ተሸጠ ሰው ዓይኗን ትሰብራለች።

«ማሽኑ ውስጥ ያለውም ዕቃ እንደዚያው ነው» አሉ እማማ ካርሲናህ። «ይጣል። አንቺ አንሺው። ዋራስ ካንቺ ይግዛው። የገበያ ዕቃ ክር የለውም።»

ዌኒንግ ቀና አለች። በዓይኖቿ ውስጥ አንድ ነገር ሲዞር አየሁ፤ እንደዚያ የምታየው ማሽኑን ብቻ ነው። «ይቻላል» አለች። «ይቻላል፣ እማማ! ግን እትዬ ታርሚ በማሽኑ ላይ ሰው መሆን አለባት።»

«እስከ ዛሬ ምን ነበርኩ?» አልኳት። ድስቱን አወረድኩና ሄድን።

ወዲያው ግን ነገሩ ተቋጠረ። ዌኒንግ ባለቤቱ ካልፈቀደ ዕቃውን ለማንም አትሰጥም። ባለቤቱ ባጋስኮሮ ነው። በዚያ ስም ደግሞ እዚያ አልጋ ላይ የተኛው ሰው እንዳይመልስ እናቱ በር ላይ ቆመዋል። ሦስት ሴቶች መኝታ ክፍሉ ደፍ ላይ ቆመን ተፋጠጥን። ክፍሉ የካምፎርና የሩዝ ውሃ ይሸታል፤ ትራሱ አጠገብ ያልተበላው ሩዝ ደርቋል። ዌኒንግ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፣ ጀርባውን እያየች።

«ማስ» አለችው፤ እዚህ ሚስት ባሏን እንደዚያ ነው የምትጠራው፣ የስም ጣጣ የለበትም። «አንድ ሰው ነበር። ጥሎት የሄደው ዕቃ አለ። እትዬ ታርሚ ብታነሳው ምን የሚል ይመስልሃል?»

ማራገቢያው ከወዲያኛው ክፍል ይሰማል።

«ያ ሰውዬ ስስታም አልነበረም» አለ ጀርባው።

ዌኒንግ ዓይኗን በመዳፏ ጠረግ አደረገችና ተነሳች። ፈቃድ ተገኘ።

አካውንት ማውጣት ቀላል መስሎኝ ነበር። ስሜን ጻፈችልኝ፣ ታርሚ፤ አዲስ ቁጥርም ተሰጠኝ። ከዚያ የይለፍ ቃል አስቢ አለችኝ። የራስሽ ስም አይሆንም፣ የልጅሽም አይሆንም፣ የብስኩቱም ዋጋ አይሆንም። «ታዲያ ምን ተረፈኝ?» አልኳት። «ማንም የማያውቀው አንድ ነገር ይኖርሻል» አለችኝና ጀርባዋን ሰጠችኝ፤ አማቷንም በትከሻቸው ይዛ ወደ ግድግዳው አዞረቻቸው፣ «እኔ ማንበብ መች እችላለሁ» እያሉ ሲቃወሙ። ጻፍኩት። ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። ቀጥላ እሷ በሥሩ ስም ገባች፣ አንድ መስመር ጻፈች፣ ጣቷን አንዴ ጫን አደረገች፤ የባጋስኮሮ ንድፎች በሙሉ የኔ ሆኑ። ከእያንዳንዱ ጎን ታርሚ፣ ታርሚ፣ ታርሚ ይላል። ያን ያህል ቦታ ላይ ስሜ ተጽፎ አይቼ አላውቅም።

ፕራኖቶ ይህን ሰምቶ እየሮጠ መጣ። «እትዬ ታርሚ! እንኳን ደስ ያለዎት። የሠርጉን ንድፍ ለኔ ይሽጡልኝ፣ ካሉት ዋጋ በላይ እከፍላለሁ።»

«የተነጋገርኩት ገዢ አለኝ» አልኩት፣ እግሬን በእግሬ ላይ አድርጌ። «ወረፋ ያዝ።»

«ገዢው ተኝቷል እኮ!»

«ይነሳ እንግዲህ። ተኝቶ የሚገበይ ሰው አላውቅም።»

ይህን ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ መኝታ ክፍሉ እንዲሰማ። እማማ ካርሲናህ ደግሞ ገበያው እውነተኛ ካልሆነ በሽታው ስለማይታለል ከኔ ጋር መሟገት ጀመሩ። ስንት ትያለሽ አሉኝ። ቤታችሁን አልኳቸው። «ቤቴን! ማን ያነሳውን ቆሻሻ ነው በቤት የምትሸጭው?» «ቆሻሻ ከሆነ ለምን ትፈልጉታላችሁ?» «ልጄ ለማገዶ ፈልጎት ነው!» እጃቸው ወገባቸው ላይ ነው፤ ገበያ ከተዉ ዓመታት ቢሆናቸውም አልረሱትም፤ የሰም ሴቶቹ ሥራ ስላጡ በመስኮቱ ተደርድረው ይስቃሉ። ያኔ በሩ ላይ ጥላ አየን። ዋራስ ተነስቶ መቃኑን ተደግፎ ቆሟል፣ ሽርጡን በአንድ እጁ ይዞ።

«እትዬ ታርሚ» አለ፣ ድምፁ ተኝቶ የዋለ ሰው ድምፅ ነው፣ «እኔ ገና የአሥር ቀን ሰው ነኝ። ቤት የለኝም።»

«ምን አለህ?»

አሰበ። ያለው ከገንፎው ወዲህ ያገኘው ብቻ ነው። «ሽርጡን ከሸጥኩልዎት ራቁቴን እቀራለሁ፤ ሚስቴ አትፈቅድም። ቴርሞስ አለኝ።»

«ቴርሞስ እኔም አለኝ።»

«ዶሮ አለችኝ። አጎቴ ለሾርባ ያመጣት። ጠዋት ጠዋት ትጮህብኛለች፤ እንቁላል ግን አይቼ አላውቅም።»

«ዕቃህን እያዋረድክ ነው እንዴ የምትገበየው?» ብለው እናቱ ተቆጡት። ሰዉ ሳቀ። እሱም ሳቀ፤ ትንሽ ነው፣ ሳቁ መሃል ላይ ስላለከለከ መቃኑን ጠበቅ አድርጎ ያዘ፤ ዌኒንግ ግን ያቺን ሳቅ ስትሰማ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። በዶሮዋ ተስማማን። ወንዶቹ ከጓሮ ይዘዋት መጡና ክንዴ ስር አስገቡልኝ። ዌኒንግ ሌላ መስመር ጻፈች፤ ታርሚ የሚለው ከየቦታው ጠፍቶ ዋራስ፣ ዋራስ፣ ዋራስ ሆነ። ተቀመጠ። በራሱ ስም ገባ። ፎልደሩን ነካው፤ ተከፈተ። የሠርጉ ንድፍ ያልጨረሰው ጫፉ ነጭ እንደሆነ ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ ክንፍና ቅጠል፣ ክንፍና ቅጠል፣ ከዚያ ባዶ። ረጅም ጊዜ አየው። «ገዢው ተሸውዷል፤ ይሄ እኮ አላለቀም» አለና ባዶው ላይ አንዲት ቅጠል ጀመረ።

የኔ አካውንት የኖረው የአንድ ድስት ብስኩት ያህል ነው። ሥራ የሌለው ሰው በር አይኖረውም ብላ ዌኒንግ አጠፋችው፤ ትንሽ ከፋኝ፣ ግን ሕጉ ነው። ከዚያ ወደ ባጋስኮሮ ተራ ደረሰች። እሱም እንግዲህ ሥራ የለው፣ ዕቃ የለው። ስሙን ጻፈች። ማሽኑ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። ጣቷ ቁልፉ ላይ ቆመ። ያገባችው ስም ነው፤ የሠርጓ ወረቀት ላይ ያለው፣ እናቷ ቤት የመጣው፣ ያሳቃት፣ ሆስፒታል አልጋ እግር ላይ ተለጥፎ የጠበቀችው። ዋራስ ከዚያኛው ስክሪን አላየም፣ ወይም እንዳላየ ሆነ። እኔ ዶሮዬን አጥብቄ ያዝኩ።

«ምን ይላል?» አሉ እማማ ካርሲናህ።

«ላጥፋው ወይ ይላል።»

«ማንን?»

ስሙን አልጠራችም። እሳቸውም ገባቸው። ወደ ስክሪኑ ቀረብ ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ፊት አዩት። ያን ስም ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ የገንፎው ዕለት አንዴ እንኳ ዓይናቸው እርጥብ ሆኖ አላየሁም ነበር፣ አሁን አየሁ።

«አታጥፊው» አሉ።

«እማማ?»

«ካጠፋሽው በሽታው ሲመጣ ምን ያገኛል? ባዶ። ባዶ ካገኘ ሰፈሩን ቤት ለቤት መፈለግ ይጀምራል። በሩ ይኑር። ተቆልፎ ይኑር። እዚያው ሲያንኳኳ ይዋል።»

ዌኒንግ አማቷን አየቻቸው። ነገሩን እሷም የምታስበው እንደዚያው ነበር፤ በኋላ ነው የነገረችኝ፤ የሄደን ሰው ስም ካጠፉት ሌላ ሰው ያንኑ ስም ይዞ ሊገባ ይችላልና ጠንቃቃ ሰው ይቆልፈዋል እንጂ አያጠፋውም። «እቆልፈዋለሁ፣ እማማ» አለች። «ማንም በዚያ ስም አይገባም፣ እኔም ብሆን። በዚያ ስም የሚያንኳኳ ከመጣ ደግሞ የኔ ማሽን እንዲጮህ አደርገዋለሁ።» «ይጩህ» አሉ። ሁለቱ አንድ ስክሪን ላይ ጎንበስ እንዳሉ፣ አማት በጣታቸው እያሳዩ፣ ምራት እየጻፈች ቆለፉት።

ከሰዓት በኋላ እንደዚያው አለቀ። ፕራኖቶ ለስድስተኛ ጊዜ ብቅ ሲል ያለቀውን ግማሽ አግኝቶ ለሰም ሴቶቹ ወሰደ፤ ዝም ብሎ የወንድሙን ትከሻ በመዳፉ ጫን አደረገው፣ ቁልፉን ሳያዞር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እማማ ካርሲናህ ሩዝና የአትክልት ወጥ ይዘው መጥተው ልጃቸውን ከወንበሩ አስነሱት። እሱም እንደ ቤቱ ሕግ ዘግቶ ተነሳ፣ በላ፣ ያውም ሁለት ጊዜ ጨመረ። ዶሮዋን ይዤ ልሄድ ስል ያቺን ጫፍ ልጨርስ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ከመስጊዱ የመግሪብ ጥሪ ተጀመረ፤ እሱ የንድፉን ጫፍ እያሰበ ነው መሰለኝ ጣቶቹን አላያቸውም፣ ጣቶቹም ለዓመታት የሚያውቁትን ጻፉ።

የዌኒንግ ማሽን ጮኸ።

እማማ ካርሲናህ ሳህኑን ይዘው ቀጥ አሉ። «መጣ!» አሉ። «መጣ፣ አይደል? ዛሬውኑ!»

ዋራስ እጆቹን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ጉልበቶቹ መሃል ደበቃቸው። አየኝ፤ እኔ ዶሮዬን አየሁ። የዌኒንግ ስክሪን በየትኛው ስም እንደተንኳኳ ብቻ አይደለም የሚነግራት፣ ከየትኛው ወንበር እንደተንኳኳም ጭምር ነው። አነበበች። ቀና ብላ ባሏን አየችው፣ ጉልበቶቹ መሃል ያሉትን እጆቹን አየች፣ ከንፈሯን ነከሰች።

«ማን ነው? ንገሪኝ፣ አትደብቂኝ!»

«በባጋስኮሮ ስም የመጣ ነው፣ እማማ።»

«ማሽኑስ ምን አለው?»

«አልተፈቀደልህም አለው።»

«እሰይ!» እማማ ካርሲናህ ወደ ስክሪኑ ሄደው ሳህኑን እያወዛወዙ፣ የጎረቤት ውሻ እንደሚያባርር ሰው «ሂድ! እዚህ እንደዚያ የሚባል የለም! ሂድ ወደመጣህበት!» አሉት። ዋራስ አንገቱን ደፋ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ እየሳቀ ይሁን ሌላ ነገር ከጎኑ ሆኜም መለየት አልቻልኩም። ከዚያ እጆቹን አውጥቶ ቁልፎቹ ላይ አስቀመጠ፤ ፊደሎቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየፈለገ፣ ስሙን መጻፍ ገና እንደሚማር ሰው፣ አዲሱን ስሙን ጻፈ። ዌኒንግ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። የይለፍ ቃሉን ጻፈ። የሠርጉ ንድፍ ተመልሶ ወጣ።

እማማ ካርሲናህ የብርሃኑን መቀየር አይተው ዞር አሉ፣ አሁንም ትንፋሻቸው አልተመለሰም። «አሁን የገባውስ ማነው?»

«የኛ ነው፣ እማማ» አለች ዌኒንግ። «እሱን ይተዉት፣ ይሥራበት።»